መኪና በብድር መግዛት ያዋጣል ወይ? ከጎንደር የቀረቡ ጥያቄዎችና መልሶቻቸው

ከአሥር ዓመት በላይ በባንክ የብድር ክፍል ሠርቼ አሁን በግሌ የሒሳብ ሥራ እሠራለሁ። መኪና በብድር ስለ መግዛት ከከተማችን ነዋሪዎች የደረሱኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። በስሌቶቹ ውስጥ ያሉት ዋጋና ወለድ ለምሳሌ ያህል የመረጥኳቸው ናቸውና የራስዎን ቁጥር ተክተው ያስሉ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ በ2009 ዓ.ም. የገዛሁትን ቪትዝ ዛሬ ከገዛሁበት ዋጋ በብዙ እጥፍ አስበልጬ ልሸጠው እችላለሁ። እዚህ አገር መኪና ዋጋው የማይወርድ ከሆነ የእርጅና ቅናሽ የሚሉትን ለምን አስባለሁ?

መልስ፦ ከሁሉም ጥያቄ ይህን ያስቀደምኩት ብዙ ሰው ወደ ብድር የሚገባው በዚህ ሐሳብ ስለሆነ ነው። መኪናዎ አርጅቷል፤ ሞተሩም፣ እግሩም፣ ጎማውም ያልቃል። ያልወረደው በብር የሚነገረው ዋጋ ብቻ ነው፤ ለዚህም ምክንያቶቹ ከመኪናው ውጭ ያሉ ናቸው። ብር በጥቅምት 2010 ዓ.ም. በ15 በመቶ እንዲዳከም ተደረገ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ዋጋው በገበያ እንዲወሰን ሲለቀቅም 57 ብር አካባቢ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ110 ብር አለፈ። በዚህ መካከል የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገሉ መኪኖችን ማስገባት እጅግ አስወደደው፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። አገር ውስጥ የቀረው ቪትዝ የተወደደው በእነዚህ ሁሉ ድምር ነው።

ትርፍዎን ለመለካት የሚበጀው ጥያቄ አንድ ነው፦ መኪናውን በሸጡበት ገንዘብ፣ ሲገዙት በነበረው ሁኔታ ላይ ያለ ተመሳሳይ መኪና ማግኘት ይችላሉ? ካልቻሉ፣ የጎደለው ልዩነት የእርጅና ቅናሽዎ ነው።

እርግጥ ነው፣ በዚያን ጊዜ ተበድሮ የገዛ ሰው ተጠቅሟል። የዋጋ ንረቱ ከ30 በመቶ በላይ በነበረባቸው ዓመታት በ16 ወይም በ17 በመቶ የተበደረ ሰው፣ ገቢው አብሮ እስካደገ ድረስ፣ ዕዳውን በረከሰ ብር ከፍሏል። ባለሱቁና ባለታክሲው እንዲህ አመለጡ፤ ደመወዝተኛው ግን ደመወዙ ባለበት ስለቆመ የዚህ ጥቅም ተካፋይ አልነበረም። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ የዋጋ ንረቱ ከ15 በመቶ በታች ወርዷል። የብድሩ ወለድ ከንረቱ ሲበልጥ ስሌቱ ይገለበጣል፤ ስለዚህ ያለፈውን አሥር ዓመት አይቶ ለሚቀጥለው አምስት ዓመት መፈረም ይቅርብዎ እላለሁ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ ወንድሜና እኔ ከጎንደር ባሕር ዳር የሚሠራ ሚኒባስ በብድር ልንገዛ ነው። ባንኩ የዋጋውን 60 በመቶ እሰጣለሁ ብሎናል። ያዋጣናል?

መልስ፦ በመጀመሪያ 60 በመቶው የምን 60 በመቶ እንደሆነ ይጠይቁ። ሻጩ 2,000,000 ብር ቢጠራና የባንኩ ገማች 1,700,000 ብር ነው ቢል፣ ባንኩ የሚያበድረው 1,020,000 ብር ይሆንና 800,000 ብር ይዘው የተነሡት እናንተ 980,000 ብር ማቅረብ ይኖርባችኋል። የስም ማዛወሪያው፣ የግምት ክፍያውና የኢንሹራንሱ ዓረቦን ከዚህ በላይ ናቸው። ቀብድ ከፍለው ገማቹ ዝቅ ሲልባቸው ቀብዳቸው የተበላባቸውን ሰዎች ስለማውቅ፣ ከግምቱ በፊት ቀብድ አትስጡ።

ግምቱ ከዋጋው ጋር ገጥሞ 1,200,000 ብር በ18 በመቶ ወለድ ለአምስት ዓመት ተበደራችሁ እንበል። ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲታሰብ ወርሃዊ ክፍያው 30,472 ብር ገደማ፣ ጠቅላላው ወለድም 628,000 ብር ገደማ ይሆናል። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታጓድሉ 731,000 ብር ያህል ብትከፍሉ ዕዳው የሚቀንሰው በ357,000 ብር ብቻ ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የክፍያው ትልቁ ድርሻ ወደ ወለድ ስለሚሄድ 843,000 ብር ያህል ይቀራል። በእነዚሁ ሁለት ዓመታት መኪናው 180 ኪሎ ሜትር ገደማ በሆነው መንገድ ላይ ሲመላለስ የሚያልቀውን እናንተ ታውቁታላችሁ።

ወሳኙ ነገር ግን ሥራ የሌለበት ወር ነው። በዚህ መስመር መንገድ የሚዘጋባቸው ሳምንታት እንዳሉ፣ መለዋወጫ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ መኪናው ጋራዥ የሚከርምበት ጊዜ እንዳለ ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ፤ ባንኩ ግን የሚቆጥረው 12 ወር ነው። ስለዚህ በዓመት ዘጠኝ ወር ብቻ እንደምትሠሩ አድርጋችሁ አስሉት። የዓመቱ ክፍያ 365,664 ብር ለዘጠኝ ሲካፈል በወር 40,629 ብር ይመጣል። ነዳጅ፣ የሾፌርና የረዳት ክፍያ፣ ዘይትና ጎማ ተቀንሶ በእያንዳንዱ የሥራ ወር ይህን ያህል የሚተርፋችሁ ከሆነ ግቡበት። በጥሩ ወር ብቻ የሚሞላ ከሆነ ግን ብድሩን አልመክራችሁም። «የእፎይታ ጊዜ እንሰጣችኋለን» ቢሏችሁም፣ በእፎይታው ጊዜ ወለዱ መቆጠሩን እንደማያቆም ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ አንድ አበዳሪ 18 በመቶ፣ ሌላው 11 በመቶ አለኝ። 11ዱን መውሰድ ግልጽ አይደለም?

መልስ፦ ግልጽ አይደለም። ወለዱ የሚታሰበው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ እስከ መጨረሻው በመነሻው ብድር ላይ? በመነሻው ላይ የሚታሰብ 11 በመቶ ማለት፣ ከላይ ባለው ምሳሌ፣ በየዓመቱ 132,000 ብር፣ በአምስት ዓመት 660,000 ብር ወለድ ነው፤ ይህም በቀሪው ዕዳ ላይ ከሚታሰበው 18 በመቶ ይበልጣል። መቶኛውን ትተው የየወሩን የክፍያ ሠንጠረዥ በጽሑፍ ይጠይቁ፤ ጠቅላላ ድምሩንም ራስዎ ይደምሩ።

ጥያቄ (ከአራዳ)፦ ከባንክ ይልቅ በእቁብ ብገዛስ?

መልስ፦ እቁብ ወለድ የለውም ይባላል፤ ነገር ግን ወለዱ በዕጣው ውስጥ ተደብቋል። ሃያ ሰዎች በየወሩ 20,000 ብር ቢጥሉ ዕጣው 400,000 ብር ነው። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው ያለ ወለድ ተበደረ ማለት ነው፤ በሃያኛው ወር የወጣለት ደግሞ ያለ ወለድ አበደረ፤ በመሃሉ የመኪናው ዋጋ ከጨመረ ኪሳራው የእርሱ ነው። በመልካም ዳኛና በሚተዋወቁ ሰዎች መካከል የቆመ እቁብ ቅድመ ክፍያን ለማጠራቀም ከማውቃቸው መንገዶች ሁሉ የተሻለው ነው፤ ሰው ለራሱ ሲቆጥብ የሚዘለውን ወር ለእቁብ አይዘልም። ነገር ግን ወጪውን መድበው የሚጠብቁት ዕጣ የመጨረሻው እንደሚሆን አድርገው ያቅዱ፤ ቀድሞ ከወጣልዎት እሰየው።

ጥያቄ፦ በሃይማኖቴ ምክንያት ወለድ አልከፍልም። መንገድ አለ?

መልስ፦ አለ። ከወለድ ነፃ አገልግሎት የሚሰጡ ባንኮች በሙራባሃ ውል መኪናውን ራሳቸው ገዝተው ትርፋቸውን ጨምረው በየወሩ በሚከፈል ክፍያ ይሸጡልዎታል። ዋጋው በውሉ ቀን ተቆርጦ ስለሚታወቅ ኋላ አይጨምርም። ይሁንና የትርፉን መጠን ከሌላ ባንክ ጋር ማወዳደር ከእርስዎ ይጠበቃል።

ጥያቄ (የዩኒቨርሲቲ መምህር)፦ ለቤተሰብ መገልገያ የኤሌክትሪክ መኪና በአምስት ዓመት ብድር ብገዛ?

መልስ፦ ለጎንደር ዳገት የኤሌክትሪክ መኪና የተመቸ ነው። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር ከፍ ያለች በመሆኗ፣ ቱርቦ የሌለው የቤንዚን ሞተር አየሩ ስለሚሳሳበት ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል ያጣል፤ የኤሌክትሪኩ ሞተር አየር ስለማይፈልግ ይህ አያገኘውም፤ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ሲወርድም ባትሪውን በመጠኑ ይሞላል። መብራት በሚጠፋባቸው ቀናት ምን እንደሚያደርጉ ግን አስቀድመው ያስቡበት።

የእኔ ሥጋት በብድሩ ላይ ነው። የቪትዝ ዋጋ አልወረደም ብለን የተነጋገርነው ተተኪው እንዳይገባ ስለተከለከለ ነው፤ የኤሌክትሪክ መኪና ግን በየጊዜው አዲስ ይገባል፤ አዲሱ ሞዴል ሲመጣም አሮጌው ይረክሳል። ባትሪውም በዓመታት ውስጥ አቅሙ ይቀንሳል፤ ከአምራቹ ወኪል ውጭ በነጋዴ የገባ ከሆነ ደግሞ የፋብሪካው ዋስትና እዚህ ላያገለግል ይችላል። ስለዚህ በሦስተኛው ዓመት ለመሸጥ ቢገደዱ ቀሪው ዕዳ ከመኪናው ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። የግድ ከሆነ ቅድመ ክፍያውን ከፍ፣ ዘመኑን ወደ ሦስት ዓመት ዝቅ ያድርጉ፤ በሚኒባሱ ምሳሌ (1,200,000 ብር በ18 በመቶ) ወርሃዊ ክፍያው ወደ 43,383 ብር ቢወጣም ወለዱ ወደ 362,000 ብር ይወርዳል። ይህን ወርሃዊ ክፍያ ደመወዝዎ የማይችለው ከሆነ መኪናው ገና አልደረሰልዎትም ማለት ነው፤ ለጊዜው በባጃጅ መሄዱ ይረክሳል።

ጥያቄ፦ መክፈል ቢያቅተኝ ባንኩ ፍርድ ቤት ሳይሄድ መኪናዬን መሸጥ ይችላል?

መልስ፦ ይችላል። በባንክ በመያዣ ስለተያዘ ንብረት የወጣው አዋጅ ቁጥር 97/1990 የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ በሐራጅ እንዲሸጥ ይፈቅድለታል፤ የሐራጁ ዋጋ ዕዳውን ካልሸፈነም ቀሪው ይጠየቃሉ። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ሳይደርስዎ ቀድመው ሄደው የክፍያ ዘመኑ እንዲራዘም በጽሑፍ ይጠይቁ፤ በብድር ክፍል ሳለሁ ራሱ ቀድሞ የመጣን ሰው ማስተናገድ ከተደበቀ ሰው ይልቅ ሁልጊዜ ይቀለን ነበር። ሊብሬው ባንክ እያለ መኪናውን በውክልና ለሌላ ማስተላለፍን የመሰለ ስሕተት ግን የለም፤ ገዢው መክፈል ሲያቆም ባለዕዳው እርስዎ ነዎት።

ጥያቄ፦ ባንኩ ሙሉ ኢንሹራንስ ግባ አለኝ። የሦስተኛ ወገኑ አይበቃም?

መልስ፦ የሦስተኛ ወገኑ በሕግ ግዴታ ነው፤ ነገር ግን የሚክሰው ሌላውን ሰው እንጂ የእርስዎን መኪና አይደለም። በሙሉ ኢንሹራንሱም ውስጥ በጦርነትና በሁከት የሚደርስ ጉዳት በአብዛኛው አይካተትም፤ በተጨማሪ ዓረቦን ለብቻው ይገዛል። ከከተማ ውጭ ለሚሠራ መኪና ይህን ሳያነብቡ አይፈርሙ።

ጥያቄ፦ ዕዳዬን ከዘመኑ በፊት ብዘጋ ወለዱ ይቀርልኛል?

መልስ፦ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ የሚታሰብ ከሆነ የወደፊቱ ይቀርልዎታል፤ በመነሻው ላይ ከሆነ ላይቀርልዎ ይችላል፤ በውሉ ውስጥ ቀድሞ የመክፈል ቅጣት እንዳለም ያረጋግጡ። ዘግተው ሲጨርሱ ሊብሬውን ብቻ ተቀብለው አይውጡ። ባንኩ ዕዳው መከፈሉን የሚገልጽ ደብዳቤ ለትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቱ እንዲጽፍልዎ ይጠይቁና፣ በዕዳው ምክንያት በመኪናው ላይ የተመዘገበው እግድ ከፋይሉ ላይ መነሣቱን ራስዎ ሄደው ይዩ።