መጀመሪያ ውሃው፣ መሰናክሉ ይደርሳል

ጥያቄ፦ ሰላም ለዓምዱ አዘጋጅ። እኛ ድሬዳዋ ሳቢያን ያለን ሰባት ጓደኛሞች ነን፣ ሁለታችን የባለጋሪ ልጆች ነን። የፓሪስ ኦሎምፒክ ጊዜ ቬርሳይ ላይ ፈረሶቹ በዛፍ መሀል እየጋለቡ ግንድ ሲዘሉ፣ ውሃ ውስጥ ሲገቡ አይተን ልባችን እዛው ቀረ። ኢቨንቲንግ ይባላል አሉን። እዚህ ድሬ ላይ ትርፍ የማይፈልግ የፈረስ ውድድር ሜዳ ማቋቋም አስበናል፣ ከተማው ዳር ቦታ የሚሰጠን ሰው አግኝተናል፣ ለመሰናክሉ እንጨት አናጢ አናግረን ዋጋ ጠይቀናል። በድሬ ሙቀት ይሆናል ወይ? ከምንስ እንጀምር?

መልስ፦ አቦ ደስ ስትሉ! ደብዳቤያችሁን ሁለቴ ነው ያነበብኩት። አናጢውን ግን ለጊዜው አቆዩት፣ ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ ከዛ በፊት ስፖርቱን በደንብ እንወቀው፣ ምክንያቱም በቲቪ ያያችሁት ከሶስት አንዱን ነው።

ኢቨንቲንግ ማለት አንድ ሰውና አንድ ፈረስ ሶስት ፈተና አብረው ሲፈተኑ ነው፣ መሀል ላይ ፈረስ መቀየር ብሎ ነገር የለም። የመጀመሪያው ድሬሳጅ ነው፣ 20 በ40 ወይ 20 በ60 ሜትር በሆነ አራት ማእዘን ሜዳ ውስጥ ፈረሱ በእርምጃ፣ በሶምሶማ፣ በደንገላሳ እየሄደ ክብ ይሰራል ይቆማል ይነሳል፣ ዳኞች ነጥብ ይሰጣሉ። ሁለተኛው እናንተ ያያችሁት ክሮስ ካንትሪ ነው፣ ሜዳ ለሜዳ እየጋለቡ ከመሬት ጋር የታሰረ መሰናክል መዝለል፣ ቀይ ባንዲራ በቀኝ ነጭ በግራ አርጎ መሀሉን ማለፍ። ሶስተኛው ሾው ጃምፒንግ ነው፣ እሱ ላይ ደግሞ ሲነካ የሚወድቅ እንጨት ነው የሚዘለለው። ነጥቡ የቅጣት ነው፣ ትንሽ ያለው ያሸንፋል። ለምሳሌ ድሬሳጅ ላይ 70 ፐርሰንት ያገኘ ሰው በ30 ቅጣት ይጀምራል፣ ክሮስ ካንትሪ ላይ ፈረሱ አንዴ እምቢ ካለ 20 ይጨመርበታል፣ ከተወሰነው ሰዓት 10 ሴኮንድ ከዘገየ 4 (ለእያንዳንዱ ሴኮንድ 0.4 ነው)፣ በመጨረሻው አንድ እንጨት ከጣለ 4፣ ድምር 58። ክሮስ ካንትሪ ላይ ጋላቢው ከፈረሱ ከወደቀማ በቃ ከውድድር ወጣ፣ ተነስቼ ልቀጥል አይባልም።

አሁን ዋናው ነገር። በትልልቆቹ ውድድሮች ከክሮስ ካንትሪው በኋላ፣ የመጨረሻው ዝላይ ሳይጀመር፣ ፈረሱ ያለ ኮርቻ በልጓም ተይዞ ዳኞችና የእንስሳት ሐኪም ፊት ጠንካራ መሬት ላይ በሶምሶማ እንዲሄድ ይደረጋል። ካነከሰ ተመለስ ነው፣ ከዛ በፊት አንደኛ ይሁን ሁለተኛ ማንም አይሰማውም። እኔ ይሄን ስፖርት የወደድኩት በዚህች ሁለት ደቂቃ ነው። የተጀመረው ለጦር ፈረስ ነዋ፣ ለፈረሰኛ መኮንን ዛሬ ሲያስጋልበው ውሎ ነገ የማይነሳ ፈረስ ምን ይሰራለታል? ስለዚህ ሜዳ ስታስቡ፣ መሰናክሉ ስንት ሜትር ይሁን ብላችሁ ሳይሆን ፈረሱ ጨርሶ ሲመጣ የት ይቆማል፣ ማን ይቀበለዋል፣ ስንት ባልዲ ውሃ አለ ብላችሁ ጀምሩ።

ይሄን የምለው ስላየሁ ነው። የዛሬ ስንት አመት አንድ የበአል ቀን ግልቢያ ነበር፣ ሙቀቱ ጥላ ስር እንኳን የሚያቃጥል፣ አንድ ቡላ ፈረስ ሁለተኛ ወጣ። ሰው ሁሉ አንደኛ የወጣውን ሊያይ ሲሮጥ እሱን ኮርቻው እንኳን ሳይፈታ ከአንድ የብረት አጥር ጋር አሰሩት። ስደርስ አፍንጫው ተከፍቶ ውስጡ ቀይ ሆኗል፣ ሽንጡ እየመታ ነው፣ ላቡ ግን ቆሟል፣ ደርቆ ነጭ ጨው ሆኖ ቆዳው ላይ ቀርቷል። ያን የመሰለ ፈረስ ላቡ ሲቆም አርፏል ማለት አይደለም፣ ሰውነቱ ራሱን ማቀዝቀዝ አቅቶታል ማለት ነው። ውሃ አምጡ ስል አንድ ሽማግሌ እንዳታፈሱበት ጡንቻው ይይዘዋል ብለው ከለከሉኝ፣ ክፋት የለባቸውም፣ ሲባል የሰሙትን ነው። እኔም ልጅ ነበርኩ፣ ትልቅ ሰው ተናግሮ አልገፋም ብዬ ቆምኩ፣ ፈረሱ ያን ቀን ማታ ሞተ። ያኔ ብገፋ ኖሮ እያልኩ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ጡንቻ ይይዛል የሚለው እኮ ፈረንጆቹም ጋ ለረጅም ጊዜ ይታመን ነበር። የአትላንታ ኦሎምፒክ (1996 እ.ኤ.አ.) በሙቀትና በወበቅ ስለሚካሄድ ከዛ በፊት በደንብ ተጠና፣ የጋለ ፈረስ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ጉዳት እንደሌለውና ቶሎ እንደሚያበርደው ታየ፣ ዛሬ በትልልቅ ውድድሮች መጨረሻው መስመር ላይ በረዶ የገባበት ውሃ ተሞልቶ ነው የሚጠብቀው። እናንተም እንደዛ ነው፦ ኮርቻው ይፈታ፣ ጥላ ውስጥ ይግባ፣ ውሃው አንገቱ ላይ ደረቱ ላይ ጀርባና ጭኑ ላይ ሳይቋረጥ ይፍሰስ፣ መሀል መሀል ላይ እየተራመደ። ይጠጣም፣ የላበው ፈረስ ውሃ አይጠጣ የሚባለውን ተዉት። ያረፈ ፈረስ በደቂቃ ከ8 እስከ 16 ጊዜ ነው የሚተነፍሰው፣ ሙቀቱ ከ37.5 እስከ 38.5 ነው፣ ቴርሞሜትር ግዙና ከግልቢያ በፊትም በኋላም ለኩ፣ ወደዛው እስኪጠጋ እንዳትተዉት። አንድ ፈረስ ለመጠጥ ብቻ በቀን ከ20 እስከ 30 ሊትር ይፈልጋል፣ በሙቀት ሲሰራ ከዛም በላይ፣ ማፍሰሻው ሌላ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያ ብራችሁ ሮቶና የቆርቆሮ ጥላ ነው፣ በየወሩ ቦቴ ሚያስመጣ ገንዘብም ካሁኑ አስቡ። በድሬ ሙቀት ይሆናል ወይ ላላችሁት፣ ከህዳር እስከ ጥር ጠዋት በማለዳ አዎ ይሆናል። ግንቦትና ሰኔ ግን ውድድር አይታሰብ፣ ልምምዱም ጎህ ሲቀድ ተጀምሮ ፀሀይ ሳትበረታ ይለቅ።

ሁለተኛው መሬቱ ነው። የተሰጣችሁ ቦታ ደቻቱ ወንዝ ዳር ከሆነ በጣም አስቡበት፣ የ1998ቱን የሐምሌ ጎርፍ ድሬ ውስጥ ማን ይረሳል። ከጎርፉም ሌላ የወንዝ አሸዋ ለአይን ለስላሳ ነው እንጂ ጥልቅ አሸዋ ላይ ሚጋልብ ፈረስ ጅማቱ ይጎዳል፣ በጣም የደረቀ መሬትም ሰኮናውንና መገጣጠሚያውን ይመታዋል። መሀል ያለውን ፈልጉ፣ ድንጋዩን በእጅ ልቀሙ (ሰባት ሰው ናችሁ፣ ሁለት ቅዳሜ ነው)፣ ስስ አሸዋ ደባልቁበት፣ ማታ ማታ ውሃ ርጩበት፣ አቧራውም ይቀንሳል።

ከዛ አናጢው ይምጣ፣ ግን ለታሰረ መሰናክል አይደለም። ክሮስ ካንትሪ ላይ ሰው ሚሞትበት ዋናው ምክንያት መሰናክሉ ስለማይወድቅ ፈረሱ ተገልብጦ ጋላቢው ላይ ሲያርፍ ነው፣ ለዛ ብለው ነው አሁን ሲመታ የሚለቅ ፒን የሚገጥሙት። እናንተ በጣውላ ተራ ዋጋ ከምትጀምሩ፣ መሬት ላይ የተጋደሙ ስምንት አስር ረጃጅም እንጨቶች ይበቃሉ፣ ፈረሱ በሶምሶማ እየተሻገራቸው እግሩን ማንሳት ይማራል። ቀጥሎ ጉልበት የማይደርስ፣ ሲነካ የሚወድቅ ዝላይ። ያን ድሬሳጅ ሜዳ በኖራ አስምሩና አንድ አመት ሙሉ እሱንና እሱን ብቻ ስሩ፣ የታሰረ ግንድ ያለ አሰልጣኝና ያለ ሐኪም እንዳይሞከር።

ትርፍ የማይፈልግ ላላችሁት፣ ሀሳቡ አዲስ አይደለም። አሜሪካ ሰሜን ካሮላይና ያለው ካሮላይና ሆርስ ፓርክ ኢቨንቲንግ የሚካሄድበት ለትርፍ ያልተቋቋመ ሜዳ ነው፣ እንደዚህ አይነት ቦታ በመመዝገቢያ ክፍያ፣ በጋጣ ኪራይ፣ በስፖንሰርና በበጎ ፈቃደኛ ነው የሚቆመው፣ እያንዳንዱ መሰናክል ጋ ወረቀት ይዞ የሚቀመጥ ዳኛ እንኳን ብዙ ጊዜ ደሞዝ የለውም። እኛም ጋ አገው ምድር በየአመቱ ጥር 23 የሚያከብሩትን የፈረሰኞች ማህበር ማየት ነው፣ አባሉ ከነፈረሱ ነው ማህበሩን የተሸከመው። ህጉን በተመለከተ አዋጅ 1113/2011ን አንብቡት፣ ማህበር ለመመስረት አምስት ሰው ይበቃል፣ ገቢ ማስገኛ ስራም መስራት ይቻላል፣ ትርፉን ግን ለአባል ማከፋፈል አይቻልም። ድሬዳዋ የፌዴራል ከተማ ስለሆነች ምዝገባው ፌዴራል ያለው የሲቪል ማህበረሰብ ድርጅቶች ባለስልጣን ጋ ነው፣ ለስፖርቱ ጉዳይ ደግሞ የከተማውን ስፖርት ቢሮ ቀድማችሁ አነጋግሩ። ያ ቦታ እሰጣችኋለሁ ያለውን ሰው በቃል እንዳትተዉት፣ ወረቀት ይኑር። እና ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ህክምና ኮሌጅ አለው፣ ደንገጎን ወጥታችሁ ትንሽ ነው፣ ሄዳችሁ በውድድር ቀን ተማሪ ከመምህሩ ጋር ይምጣልን በሉ።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸንኮር ነው ያለሁት፣ 17 አመቴ ነው። ፈረስ እወዳለሁ፣ ቤት ግን ይሄ የሀብታም ፈረንጅ ስፖርት ነው፣ ለሴት ልጅም አይሆንም ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ኢቨንቲንግ ኦሎምፒክ የገባው ስቶክሆልም ላይ በ1912 (እ.ኤ.አ.) ነው፣ ያኔ ጋላቢዎቹ የጦር መኮንኖች ነበሩ፣ ለሲቪል የተከፈተው ቆይቶ ነው፣ ለሴት ደግሞ ቶኪዮ 1964 ላይ ነው። ዛሬ ወንድና ሴት ሳይለይ አንድ ላይ ነው የሚወዳደሩት፣ የሴት የወንድ ሚባል ሜዳሊያ የለም። ቶኪዮ ላይ በ2021 በግል ወርቁን የወሰደችው ጀርመናዊቷ ዩልያ ክራየቭስኪ ናት፣ በዚህ ውድድር የመጀመሪያዋ ሴት።

የፈረንጅ ነው ለሚሉሽ ደግሞ አንቺ የራስ መኮንን ከተማ ልጅ ነሽ። አባ ቃኘው የሚባሉት በፈረሳቸው ስም አይደል እንዴ፣ ኮሪያ የዘመተው ጦራችንም ቃኘው ተብሎ የሄደው በሱ ስም ነው። ሀገራችን ሰውን በፈረሱ ስም የጠራች ሀገር ናት፣ ፈረስ ወደድኩ ብለሽ ማንንም ይቅርታ አትጠይቂ። ወጪው ግን እውነት ነው ከባድ ነው፣ ለዛ ነው በጋራ የሚያዝ ሜዳ የሚያስፈልገው፣ ከላይ ያሉትን የሳቢያን ልጆች ጠብቂያቸው። እስከዛው ጋላቢ ለመሆን ፈረስ ላይ መውጣት ብቻ አይደለም፣ ሰፈርሽ ፈረስ ያለው ሰው ካለ ሰኮና ማፅዳትና መጥረግ ልርዳ በይ፣ እሱን ያልሰራ ሰው ኮርቻ ላይ ብዙ አይዘልቅም።

ጥያቄ፦ የኛን ፈረሶች አሰልጥነን አውሮፓ ወስደን ብንወዳደርስ? (ከዚራ፣ ድሬዳዋ)

መልስ፦ ሰውየው ይሄዳል፣ ፈረሱን መውሰድ በጣም ከባድ ነው። አፍሪካን ሆርስ ሲክነስ የሚባል ገዳይ የፈረስ በሽታ እኛ ሀገር ስላለ ነው የውጭ ሀገራት ፈረሳችንን እንደልብ የማያስገቡት። ከፈረስ ፈረስ በመነካካት አይተላለፍም፣ በአይን በጭንቅ የምትታይ ተናካሽ ዝንብ ናት የምታስተላልፈው፣ ከዝናብ በኋላ ትበዛለች፣ ከምሽት እስከ ንጋት ነው የምትናከሰው። ክትባቱን በጊዜው አስከትቡ፣ ፀሀይ ሳትጠልቅ ፈረሱን ጋጣ አስገቡት፣ መስኮቱ ላይ ጥቅጥቅ ያለ ወንፊት ይወጠር።

ጥያቄ፦ ሰላሳ አመት ጋሪ ነድቻለሁ። ልጄ ፈረሳችንን ለዚህ ስፖርት እንስጠው ይላል፣ ፈረሱ 12 አመቱ ነው። ይችላል?

መልስ፦ ጋሼ፣ በእድሜው እንኳን ምንም አይሉትም፣ በትልቅ ውድድር ላይ ከ12 አመት በላይ የሆነ ፈረስ ብዙ ነው። የኛ ፈረስ አጭር ነው፣ ብዙው 1 ሜትር ከ30 አካባቢ ነው፣ ግን ለልጅ መማሪያ ከዛ የተሻለ የለም፣ የጋሪ ፈረስ ደግሞ ባጃጅ ሲያንባርቅ አይደነግጥም። አንድ ነገር ብቻ እለምንዎታለሁ፣ ቀን ጋሪ የጎተተ ፈረስ ማታ ለልምምድ አይውጣ፣ ከሁለት አንዱን ነው። ልጅዎ ኮርቻ ከመጫኑ በፊት ደግሞ እርስዎ ራስዎ መዳፍዎን ጀርባው ላይ፣ ጋሪው የሚያርፍበት ቦታ ላይ አሳርፈው ቀስ ብለው ይጫኑት። ቆዳው ከተርገበገበ ወይ ጆሮውን ወደኋላ ከጣለ ጋሪው የተወው ቁስል ውስጡ አልዳነም ማለት ነው፣ ሁለት ሳምንት ያሳርፉትና እንደገና ይንኩት።