መልስ፦ ፖሊስ ፌስቡክ ላይ ሃይማኖት ቢሰድብ ለማን ማመልከት ይቻላል?

ወንድሜ፣ ኮምቦልቻ የሚሠራ ፖሊስ በፌስቡክ ገጹ የአንድ ሃይማኖት ተከታዮችን «ከዚህ ይነቀሉ» ብሎ ጽፏል፣ ለማን ላመልክት ብለህ ጠይቀሃል። ከሁሉ በፊት ለፌስቡክ ሪፖርት እንዳታደርግ፤ ጽሑፉ ከተነሳ ማስረጃህም አብሮ ይሄዳል። ስክሪንሹት ብቻውን «ተቀናብሮ ነው» ይባላል። ስለዚህ ከፕሮፋይሉ ጀምረህ እስከ ጽሑፉ ድረስ ስክሪኑን በቪዲዮ ቅረጽ፤ ስሙ፣ ቀኑ፣ ደንብ ልብስ የለበሰበት ፎቶ ሁሉ ይታይ። ሊንኩንም ኮፒ አድርገህ ያዝ።

ቀጥሎ የየትኛው ፖሊስ አባል እንደሆነ አጣራ። ፌዴራል ከሆነ የከተማው ፖሊስ «የኛ አይደለም» ብሎ ይመልስሃል። ማመልከቻህን አባል ለሆነበት ፖሊስ በሁለት ኮፒ አስገባና በራስህ ኮፒ ላይ ቀን፣ ቁጥርና ማኅተም አስመታ፤ «አልደረሰንም» የሚባለው ያለዚህ ነው።

መሥሪያ ቤቱ የሚሰጠው የዲሲፕሊን ቅጣት የወንጀል ክሱን አያስቀረውም። መሣሪያ በአደራ የያዘ ሰው እንዲህ ሲጽፍ ከሌላው ይብሳልና ለዐቃቤ ሕግም አመልክት። በሃይማኖት ወይም በብሔር ላይ ሆን ብሎ ጥላቻ ማነሳሳት በአዋጅ ቁጥር 1185/2012 እስከ 2 ዓመት ቀላል እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ ያስከትላል። አንተን በግል የሰደበህ ብቻ ከሆነ ግን ጉዳዩ በግል አቤቱታ የሚታይ ነው፤ ባወቅክ በ3 ወር ውስጥ ካላቀረብክ መብትህ ይታገዳል።