የወደቀ ወታደር ቤተሰብን እንዴት እናስብ? (መልስ)

ወንድሜ፣ ባሏ ግንባር የወደቀባትን ጎረቤትህን ከነልጇ የት ልውሰዳቸው፣ ምንስ ልበላት ብለሃል። ጥያቄህ ልቤን ነካው።

እኔ ብሆን አዲስ አበባ ቸርችል ጎዳና፣ ትግላችን ሐውልት እወስዳቸዋለሁ። ከሐምሌ 1969 እስከ መጋቢት 1970 ዓ.ም. የሶማሊያን ወረራ ሲመክቱ ለወደቁ ኢትዮጵያውያንና ኩባውያን ወታደሮች የቆመ ነው። የኩባውያኑ ፎቶ ግድግዳው ላይ አለ። አንዱ ጋ ቆሜ ቀረሁ። ፂም እንኳ በቅጡ ያላበቀለ ልጅ ነው። እናቱ ትዝ አለችኝ፣ አይቻት ባላውቅም።

አፍንጮ በር ደግሞ የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ አለ። ኮሪያ ጦርነት ላይ ከዘመተው የኢትዮጵያ ጦር፣ ከቃኘው ሻለቃ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። ይሄንን ለልጁ ንገረው፣ ደስ ይለዋል።

ለእናትየው «እግዜር ያጽናሽ» ይበቃል። ግን የባሏን ስም ጥራ። ሰው ሆድ ይብሳታል ብሎ ስሙን ይሸሻል። አክስቴን ባሏ የሞተ ጊዜ የጎዳት ይሄ ነበር፤ ስሙን የሚያነሳላት ሰው ጠፋ። አንድ ቀን የባሏ ጓደኛ መጥቶ ሽሮ ላይ ሚጥሚጣ ይነሰንስ እንደነበር ሲያወራ፣ እያለቀሰች ሳቀች።

ደግሞ ቤቱ ጭር የሚለው ከአርባው በኋላ ነው። ያኔ ቡና ይዛችሁ ሂዱ። መስከረም ሲጠባም የልጁን ደብተርና ዩኒፎርም አትርሱ።