ዘሩ አንድ፣ ማዳበሪያው አንድ፣ በቆሎው ግን ለየቅል

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ አባቴ ቡሬ አካባቢ ተዳፋት ላይ ያለች ማሳ አለችው። አንድ ዓመት በቆሎ፣ አንድ ዓመት አኩሪ አተር ይዘራባታል። ግርጌዋ ላይ በቆሎው ሰው ይውጣል። ራስጌዋ ላይ ግን ይቀጭጫል፤ ገና ጉልበት ሳይደርስ የቅጠሉ ጠርዝ ወይን ጠጅ ይሆናል። አኩሪ አተሩም እንደዚያው ቢጫ ነው። ምርጥ ዘር ነው፣ ማዳበሪያውም እኩል ነው። አባቴ «ለራስጌው ማዳበሪያ እንጨምርለት» ይላል። ብሩ የሚወጣው ከእኔ ደሞዝ ነው። ያዋጣል?

መልስ፦ ብሩን ለጊዜው ያዘው። መጀመሪያ ዶማ ይዘህ ከግርጌ አንድ፣ ከራስጌ አንድ ጉድጓድ ቆፍር። ክንድ ያህል ይበቃል። ግርጌው ላይ ጠቆር ያለ፣ በእጅ የሚፈረፈር አፈር ታገኛለህ። ራስጌው ላይ ስንዝር ሳትቆፍር ቀዩ ብቅ ይላል ብዬ እጠረጥራለሁ። ልብሱን ጎርፍ ገፎታል።

እኔም የልማት ሠራተኛ ሳለሁ እንዲህ ያለ መሬት ላላቸው ገበሬ «ዩሪያ ይጨምሩ» ብዬ መክሬ ነበር። በቆሎው ነሐሴ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ሆነ፤ እኔም ደረቴን ነፋሁ። መስከረም ላይ ዝናቡ ዐሥር ቀን ሲጠፋ ግን ቅጠሉ እኩለ ቀን ላይ እንደ ሲጋራ ተጠቀለለ። ሰውዬው ጠርተው አሳዩኝና «ማዳበሪያህ ውሃ ይሆናል እንዴ?» አሉኝ። ምን ልበል?

የላይኛው አፈር ውሃን እንጀራ ወጥ እንደሚይዝ ይይዛል። ቀዩ ጠጣር ነው፤ ሥሩም እንደልቡ አይሄድበትም። በዚያ ላይ አሲዳማ ከሆነ በውስጡ ያለው ብረትና አሉሚኒየም የምትጨምረውን ፎስፈረስ ይቆልፉታል። ወይን ጠጁ ቅጠል የፎስፈረስ ረሃብ ነው። ብርድም እንዲህ ያደርጋል፣ ግን ብርድ ቢሆን ግርጌውን ባልማረ ነበር።

አኩሪ አተሩን ደግሞ ሲያብብ አንድ እግር ቀስ ብለህ ንቀል። ሥሩ ላይ ያሉትን እባጮች በጥፍርህ ሰንጥቃቸው። ውስጣቸው ሮዝ ከሆነ ባክቴሪያዎቹ ናይትሮጂን እየሠሩ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ፣ ወይም ጭራሽ ከሌለ፣ አኩሪ አተሩ ራሱ ተርቧል ማለት ነው። «አኩሪ አተር መሬት ያድሳል» ሲባል እሰማለሁ። እውነት ነው፣ ግን በተራቆተና በጎመዘዘ አፈር ላይ እባጩ መች ይይዛል? ለዘሩ የሚለወሰውን ሕያው ማዳበሪያም ጠይቅ፤ የአኩሪ አተር ባክቴሪያ በየማሳው አይገኝም።

አንድ ሚሊ ሜትር አፈር ሲታጠብ ከሄክታር ከ10 ቶን በላይ ሄደ ማለት ነው። በዓይን ግን አይታይም። መጀመሪያ የሚሄደው ደግሞ ደቃቁና ብስባሹ፣ ማለትም ምግቡ ነው። አባትህ ፈሰስ (የዝናቡን ውሃ ከማሳው የሚያስወጣውን ቦይ) የሚያወጣው ቀጥ አድርጎ ወደ ቁልቁል ከሆነ ለጎርፉ መንገድ እየጠረገለት ነው (ይህን ለእርሱ በእኔ ስም ንገረው፣ አንተ አትጣላ)። ፈሰሱ ጋደል ይበል፣ እርሻውም ተዳፋቱን አግድም ይቁረጥ።

በጋ ላይ ደግሞ ደሞዝህን ለጉልበት አውጣው። ፋንያ ጁ አስቆፍር፤ ቦዩ ተቆፍሮ አፈሩ ወደ ላይ የሚጣልበት እርከን ነው። ደምበጫ አቅራቢያ አንጀኒ ላይ እ.ኤ.አ. በ1986 ተሠርቶ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተዳፋቱ ደረጃ ደረጃ ሆኗል። ከቤት የሚወጣው ፍግ ሁሉ ለራስጌው ይሁን፤ ግርጌው ሳይለምን ያገኛል። አገዳውም ሁሉ ለማገዶና ለከብት አይለቅ፣ ጥቂቱ መሬት ላይ ይቅር። አፈሩን አስመርምረህ አሲዳማ ነው ከተባልክ ኖራ ግዛ። ማዳበሪያ መጨመሩን የምንነጋገረው ከዚያ በኋላ ነው።

እስከዚያው ራስጌው ላይ ቀዩ በስንት ጣት ጥልቀት እንደመጣ ለክተህ ጻፍልኝ።