ለባሕር ዳር የወፍ ፎቶ አንሺዎች ቡድን ጥያቄ መልስ

ከፌስቡክ ወደ ቴሌግራም ከተዛወራችሁ ወዲህ አዲስ አባል ከመግባቱ በፊት በቡድኑ የተጻፈውን ለምን እንደማያይ ጠይቃችኋል፤ ምክንያቱ የቴሌግራም የግል ቡድን ካልተስተካከለ በቀር የቆየውን መደበቁ ነው። አስተዳዳሪ ከሆንክ የቡድኑን ማስተካከያ ክፈትና የውይይት ታሪኩን ለአዲስ አባላት የሚታይ አድርገው።

ቀጥሎ ቡድኑን በርዕስ ክፈለው፤ የጣና ዳሩ ለብቻ፣ የጮቄ ተራራው ለብቻ። በፌስቡክ ጊዜ አባላት በአንድ ፎቶ ሥር ሳምንት ሙሉ ይከራከሩ ነበር፤ አሁን የጠዋቱ የፔሊካን ፎቶ እስከ ማታ በ«እንኳን አደረሳችሁ» ይቀበራል። ለበዓል ምኞቱም የራሱን ርዕስ ስጠው፤ በዓልን መከልከል ጠብ መጥራት ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ፦ ቴሌግራም ፎቶን ጨምቆ ስለሚልክ የላባው ጥራት ይደበዝዛል። በፋይል መልክ ላኩት፤ ዋናውንም ኮምፒውተር ላይ አስቀሩ። ምክንያቱም ላኪው ፎቶውን ለሁሉም ከሰረዘው ከቡድኑ ይጠፋል።