የተጎዳ የጎዳና ውሻ አንስቶ ማሳደግ፦ ጥያቄና መልስ

በእንስሳት ክሊኒክ ለዓመታት የሠራሁ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነኝ። የተጎዳ ውሻ አግኝታችሁ ግራ ለገባችሁ ሁሉ ዛሬ የምችለውን እመልሳለሁ። ከመጀመራችን በፊት አንድ ነገር ልበል፦ ውሻውን ማዳንና ውሻውን ማሳደግ ሁለት የተለያዩ ውሳኔዎች ናቸው። የመጀመሪያው በደቂቃዎች ውስጥ ይወሰናል። ሁለተኛውን ግን በዚያው ሰዓት፣ አንጀታችሁ በተላወሰበት ቅጽበት ባትወስኑት እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ውሻው መንገድ ዳር ወድቆ ያቃስታል። ልጠጋው ስል ግን ጥርሱን ያሳየኛል። እንዴት ነው የማነሳው?

መልስ፦ ጥርሱን ማሳየቱን አትጥላው፤ እያስጠነቀቀህ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያሰጋኝ ድምፅ ሳያሰማ ሰውነቱን አድርቆ፣ ራሱን ሳያዞር በዓይኑ ጥግ ብቻ የሚከታተል ውሻ ነው። እንዲህ ያለው ሳያጉረመርም ሊነክስ ይችላል። ሕመም የበረታበት ውሻ በሰው እጅ ያደገ ቢሆንም ይነክሳል፤ ክፋት አይደለም።

መጀመሪያ አንተንም መኪና እንዳይገጭህ አንድ ሰው መንገዱን ይጠብቅልህ። ከዚያ ከፊት ለፊት ሳይሆን በጎን በኩል፣ ዓይንህን ሳታፈጥበት፣ ቁጢጥ ብለህና ድምፅህን ዝቅ አድርገህ እያወራኸው በዝግታ ተጠጋ። እጅህን ከራሱ በላይ አታምጣበት። ወፍራም ብርድ ልብስ ካለህ ራሱን ጨምሮ አልብሰው፤ ብዙዎቹ ሲጨልምባቸው ይረጋጋሉ። ቀጥሎ ወደ ጣውላ ወይም ወደ ሌላ ብርድ ልብስ አንሸራትታችሁ፣ ወገቡ ሳይታጠፍ፣ ለሁለት አንሱት። የጀርባ አጥንቱ ተሰብሮ ከሆነ ታቅፎ ማንሳት ሽባ ሊያደርገው ይችላል።

ጥያቄ፦ አፉን በጨርቅ ማሰር ነውር አለው?

መልስ፦ የለውም፤ እንዲያውም ብዙ ጊዜ ግድ ነው። ረዘም ያለ የጨርቅ ቁራጭ ወይም ፋሻ በአፍንጫው ላይ አዙረህ ከአገጩ ሥር ታቋርጠዋለህ፣ ጫፎቹን ደግሞ ከጆሮው ኋላ ታስራለህ። የሚያስመልሰው፣ መተንፈስ ያቃተው፣ ፊቱ የቆሰለ፣ ራሱን የሳተ ወይም አፍንጫው ደፍጣጣ የሆነ ውሻ ግን አፉ አይታሰርም። ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያስወጣው በማለክለክ ስለሆነ ክሊኒክ እንደደረሳችሁ፣ ወይም ሳጥን ውስጥ እንደገባ፣ ፍታለት።

ጥያቄ፦ ወደ ሐኪም እስክደርስ ድረስ ምን ያህል አስጊ ሁኔታ ላይ እንዳለ በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ ከንፈሩን ገለጥ አድርገሽ ድዱን እዪ። ይህን የምትሞክሪው ግን ፈቃደኛ ከሆነ ብቻ ነው። ጤናማ ድድ ሮዝ ነው። በጣትሽ ተጭነሽ ስትለቂው ነጭ የሆነው ቦታ በ2 ሰከንድ ውስጥ መልሶ መቅላት አለበት። ድዱ የገረጣ ወይም የነጣ ከሆነ ደም እየፈሰሰው ነው፣ ምናልባትም ሆዱ ውስጥ፣ ወይም ሾክ ውስጥ (የደም ዝውውሩ ተዳክሞ አስጊ ሁኔታ ላይ) ገብቷል። ወደ ሰማያዊ ካደላ አየር አጥሮታል። አንዳንድ ውሾች ድዳቸው በተፈጥሮው ጥቁር ነው፤ ያን ጊዜ የታችኛውን የዓይን ቆብ ውስጠኛ ክፍል ተመልከቺ። አተነፋፈሱንም ቁጠሪ፤ ተኝቶ እያረፈ በደቂቃ ከ30 በላይ ከተነፈሰ ጥሩ አይደለም። የሙቀት መለኪያ ካለሽ ጤናማ ውሻ ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ ነው፤ ለሰው ትኩሳት የሚባለው ለእሱ ልኩ ነው።

የሚደማ ቁስል ካለ ንጹሕ ጨርቅ አድርገሽ ሳታነሺ ቢያንስ 5 ደቂቃ ተጫኚው። ጨርቁ ከራሰ ከላዩ ሌላ ደርቢ። «ቆሟል ወይ» እያሉ ገልጦ ማየት የረጋውን ደም መልሶ ይከፍተዋል።

ጥያቄ፦ ሳነሳው ጣቴን ነከሰኝ። ትንሽ ናት፣ ደምም ብዙ የላትም። ልተወው?

መልስ፦ አትተወው። የዛሬው ጥያቄ ሁሉ ቀርቶ ይህን ብቻ ብመልስ ደስ ይለኛል።

የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ የማይገድልበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በየዓመቱ ወደ 59,000 ሰው ይሞትበታል፤ ሰዎች ላይ ከሚደርሰው እስከ 99 በመቶው የሚተላለፈው ከውሻ ነው። ቁስሉ ጠባብ መሆኑ ምንም አያረጋግጥልህም፤ ቫይረሱ ያለው ምራቁ ውስጥ ነው፣ ጭረትም ይበቃዋል። አሁኑኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ ሙሉ 15 ደቂቃ እጠበው። ደቂቃውን በሰዓት ያዝ፤ በግምት ሲታጠብ አብዛኛው ሰው ሁለት ደቂቃም አይሞላም። ከዚያ ዛሬውኑ ወደ ጤና ተቋም ሂድ። ክትባቱ በተለያዩ ቀናት የሚሰጥ ነውና አታቋርጠው። ደም ያወጣ ንክሻ ከሆነ ሐኪሙ ቁስሉ ውስጥ የሚወጋ ኢሚዩኖግሎቡሊን (ቫይረሱን ወዲያው የሚዋጋ ዝግጁ ፀረ እንግዳ አካል) ሊጨምርልህ ይችላል።

ውሻው በሕይወት ካለና መያዝ ከቻላችሁ ለ10 ቀን ይጠበቅ። ቫይረሱ ምራቁ ውስጥ የሚገኘው ሕመሙ ሊታይበት ጥቂት ቀናት ሲቀሩት ጀምሮ ስለሆነ፣ በ10ኛው ቀን ጤነኛ ከሆነ በነከሰህ ጊዜ አላስተላለፈብህም። ነገር ግን ያንን ለመጠበቅ ብለህ ክትባቱን አታዘግይ።

ጥያቄ፦ ያልነከሰኝ፣ ግን ለሃጩን የሚያዝረከርክ ውሻ ቢሆንስ?

መልስ፦ መንጋጋው የተንጠለጠለ፣ መዋጥ ያቃተው፣ የሚንገዳገድ ወይም ያለ ምክንያት ያገኘውን ሁሉ የሚነክስ ውሻ ከሆነ በእጅዎ እንዳይነኩት። «አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ይሆናል» ብለው አፉ ውስጥ እጅ የሚከቱ ሰዎች አሉ። ራቅ ብለው ሰዎችንና ልጆችን ያርቁ፣ ለእንስሳት ጤና ባለሙያ ይደውሉ። ውሾችን ደጋግመው የሚያነሱ ከሆነ ደግሞ ሳይነከሱ በፊት የሚሰጠውን የመከላከያ ክትባት ይውሰዱ።

ጥያቄ፦ ሌሊት ነው፣ ክሊኒክ ዝግ ነው፣ ውሻው በሕመም ያለቅሳል። ቤት ያለ የሰው ማስታገሻ ግማሽ ብሰጠው?

መልስ፦ አይሆንም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ያጠፋሉ፤ ፓራሲታሞልም ጉበቱን ሊጎዳና ደሙን ሊያበላሽ ይችላል። ቁስለኛ ውሻ ብዙ ጊዜ ደምና ፈሳሽ ስለጎደለው ኩላሊቱ ቀድሞም ተጨንቋል። ሙቀት፣ ጸጥታና ጨለማ ስጪው። ከማስታገሻው የሚሻለው እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ ጠበብ ያለ ሳጥን ነው።

ጥያቄ፦ እግሩ ተሰብሮ ተንጠልጥሏል። በእንጨት ልደግፈው?

መልስ፦ ባትነካው ይሻላል። በተለይ የጭን አጥንት ከሆነ እቤት የሚሠራ ድጋፍ ከላይ ያለውን መገጣጠሚያ ሊይዝ ስለማይችል ክብደት ሆኖ ስብራቱን ያባብሰዋል። አጥንቱ ወጥቶ ከታየ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ብቻ ሸፍነው፤ ወደ ውስጥ ልመልስ አትበል።

ጥያቄ፦ የኔ ደግሞ ሐኪሙ እግሩ ይቆረጥ አለኝ። ሦስት እግር ያለው ውሻ ምን ኑሮ አለው?

መልስ፦ ከምታስቢው በላይ ጥሩ ኑሮ። ውሻ እግሩ እንደጎደለ አይቆዝምም፤ ብዙዎቹ ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባሉት ቀናት ውስጥ ቆመው ይሄዳሉ። 60 በመቶ ገደማ የሚሆነውን ክብደቱን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ስለሆኑ የኋላ እግር ያጣ ቶሎ ይለምዳል፣ የፊቱን ያጣ ጥቂት ይቸገራል። ከሁሉ በላይ እንዳይወፍርብሽ። በበኩሌ፣ ወራት የሚፈጅና ውጤቱ አጠራጣሪ የሆነ ጥገና በሕመም ውስጥ ከሚያቆየው መቆረጡን የምመርጥባቸው ጊዜያት ብዙ ናቸው።

ጥያቄ፦ መኪና ገጭቶት ተነስቶ ሮጠ። ምንም የሆነ አይመስልም። ሐኪም ያስፈልገዋል?

መልስ፦ አዎ። ሳንባው ዙሪያ አየር መጠራቀሙ፣ ደረትን ከሆድ የሚለየው ጡንቻ መቀደዱ ወይም ፊኛው መፈንዳቱ በመጀመሪያው ሰዓት ላይታይ ይችላል። ሐኪም ካየውም በኋላ 48 ሰዓት በዓይንህ ሥር ይሁን። በተለይ ሽንቱን ተከታተል፤ ሳይሸና ካደረ ወይም ደም የቀላቀለ ከሸና መልሰህ ውሰደው።

ጥያቄ፦ አጥንቱ የሚቆጠር ውሻ ነው ያገኘሁት። እስኪጠግብ ላበላው?

መልስ፦ በጣም ያስፈትናል፤ አታድርጊው። ለረጅም ጊዜ የተራበ ሰውነት ድንገት ብዙ ምግብ ሲገባለት በደሙ ውስጥ የቀሩት ፎስፈረስ፣ ፖታሲየምና ማግኒዚየም ተጠራርገው ወደ ሴሎቹ ይገባሉ፤ ልቡ ምቱን ሊስት ይችላል። ውሻው የሚሞተው በረሃቡ ሳይሆን በግብዣው ይሆናል። በቀን ሊበላ ከሚገባው ሩቡን ለአራት ወይም ለአምስት ጊዜ ከፋፍለሽ ጀምሪ፣ በሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ ሙሉው አድርሺው። ውሃም በጥቂት በጥቂቱ። በዚያው ቀን ማደንዘዣ ሊወስድ የሚችል ቁስለኛ ከሆነ ደግሞ ሐኪሙ ሳያየው ምንም አታቅምሺው። ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ቸኮላት፣ ወይንና ዘቢብ መርዙ ናቸው፤ የተቀቀለ አጥንትም ተሰንጥሮ አንጀት ይወጋል።

ጥያቄ፦ ቁስሉ ውስጥ ትል ይርመሰመሳል። ቤንዚን ይገድለዋል ይላሉ።

መልስ፦ ትሉን ይገድለው ይሆናል፤ ሥጋውንም አብሮ ያቃጥለዋል፣ ውሻውንም ይመርዘዋል። አልኮልና ሃይድሮጂን ፐርኦክሳይድም ለመዳን የሚታገለውን ሥጋ ይጎዳሉ። በ1 ሊትር ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ 9 ግራም ጨው አሟሙተህ ሳትቆጥብ እጠበው፣ የሚታየውን በወረንጦ ልቀም፣ ወደ ሐኪም ውሰደው። ጥልቀቱ ከላይ ከሚታየው ይበልጣልና ሐኪሙ ፀጉሩን ላጭቶ ማጽዳት አለበት። «ራሱ ልሶ ያድነዋል» የሚባለውን እርሱት፤ ምላሱ ቁስሉን እየሸረሸረ ጀርም ያስገባል። የአንገት ፕላስቲክ የሚደረግለት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እከክ ላለበትስ የተቃጠለ የሞተር ዘይት?

መልስ፦ በፍጹም። በቆዳው ይገባል፣ ሲልሰውም ይጠጣዋል። የእከክ መድኃኒት ዛሬ ቀላል ነው፤ ከየትኛው እከክ ጋር እንደምንታገል ግን ከቆዳው ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታይ። አንደኛው ዓይነት ወደ ሰው ይተላለፋል፣ ሌላው አይተላለፍም።

ጥያቄ፦ ያነሳኋት ሴት ውሻ ከብልቷ ደም ይፈሳታል፤ ወቅቷ መስሎኝ ነበር፣ ግን ሳምንታት አለፉ። የሚታይ እብጠትም አለ።

መልስ፦ በጎዳና ውሾች ላይ የተለመደ በግብረ ሥጋ የሚተላለፍ ዕጢ ሊሆን ይችላል። የሚያስገርም በሽታ ነው፤ ከውሻ ወደ ውሻ የሚተላለፈው ቫይረስ ሳይሆን የካንሰሩ ሴል ራሱ ነው። ካንሰር ሲባሉ ደንግጠው እንዳይተዉአት። በሳምንት አንድ ጊዜ በደም ሥር በሚሰጥ ቪንክሪስቲን የሚባል መድኃኒት አብዛኞቹ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሙሉ በሙሉ ይድናሉ። መድኃኒቱ ከደም ሥር ውጪ ከፈሰሰ ሥጋ ስለሚያበሰብስ የሚወጋት ባለሙያ ብቻ ይሁን። በሕክምናው ወቅት ሽንቷንና ሰገራዋን በጓንት ያንሱ።

ጥያቄ፦ ቤት ሌላ ውሻና ትንንሽ ልጆች አሉኝ። ወዲያው ላገናኛቸው?

መልስ፦ ቢያንስ 2 ሳምንት በተለየ ክፍል ይቆይ፤ ሳህኑም መኝታውም ለብቻ። ለቡችሎች ትልቁ ስጋት ፓርቮ የሚባለው፣ ከባድ ትውከትና ተቅማጥ የሚያመጣ የቫይረስ በሽታ ነው። ቫይረሱ መሬት ላይ ከዓመት በላይ ሊቆይ ይችላል፣ ብዙ ማጽጃም አይገድለውም፤ ወለሉ በደንብ ከታጠበ በኋላ 1 እጅ በረኪና ለ30 እጅ ውሃ ይገድለዋል። ለልጆቹ የምፈራው የሆድ ትሎችን ነው፤ ስለዚህ ውሻው የትል መድኃኒት እስኪወስድ መላላሱ ይቅር፣ እጅ መታጠቡ ይጥበቅ። ንክሻ የሚመስል የቆየ ቁስል ካለበት ለሐኪሙ ንገሪው። የእብደት ቫይረስ ምልክቱ እስኪታይ ወራት ሊወስድ ስለሚችል የሚጠበቅበት ጊዜ ይረዝማል።

ጥያቄ፦ አልጋ ሥር ገብቶ አልወጣ አለኝ። ያዳንኩት መሆኑን አያውቅም እንዴ?

መልስ፦ አያውቅም። እሱ የሚያውቀው በሕመም ላይ ሳለ እንደተያዘ፣ እንደተወጋ፣ ወደማያውቀው ቦታ እንደመጣ ብቻ ነው። ጎትተህ አታውጣው። ምግቡን አስቀምጠህ ራቅ በል፣ ጀርባህን ሰጥተህ ወለሉ ላይ ቁጭ በልና ሥራህን ሥራ። አንዳንዱ በሦስተኛው ቀን ይወጣል፣ አንዳንዱ ወር ይፈጅበታል። ሲበላ ካጉረመረመ ሳህኑን አትንጠቀው፤ ይልቁንም በአጠገቡ ስታልፍ የተሻለ ቁራሽ እየጣልክለት እለፍ። ስላጉረመረመ የተገረፈ ውሻ ማጉረምረሙን ይተዋል እንጂ ፍርሃቱን አይተውም፤ በሚቀጥለው ሳያስጠነቅቅ ይነክሳል።

ጥያቄ፦ ባለቤት ቢኖረውስ?

መልስ፦ አንገቱ ላይ የማሰሪያ ምልክት ፈልጉ፣ ክሊኒክ ውስጥ ማይክሮቺፕ (ከቆዳው ሥር የሚቀበር ትንሽ መለያ) እንዳለው ያስነብቡ፣ ያገኙበት ሰፈር ይጠይቁ። ቢያንስ ይህን ሳያደርጉ «የኔ ነው» አይበሉ።

ጥያቄ፦ ሐኪሙ ያለ ስቃይ እንዲያርፍ ቢደረግ ይሻላል አለኝ። ከመንገድ ያነሳሁት ለዚህ ነው?

መልስ፦ ለዚህም ነው። መንገድ ላይ ቢቀር ሁለት ቀን ተሰቃይቶ ይሞት ነበር። ሐኪሙን ሦስት ነገር ጠይቂው፦ ሕመሙን መቆጣጠር ይቻላል? ራሱ ይበላል፣ ይሸናል? ከወር በኋላ የት ይደርሳል ብለህ ታስባለህ? ሦስቱም መልሶች የሚያሳዝኑ ከሆኑ ፍቀጂለት። ከቻልሽ አብረሽው ሁኚ።

ጥያቄ፦ ድኗል፣ ክትባቱን ጨርሷል። ከቆየው ውሻዬ ጋር እንዴት ላስተዋውቀው?

መልስ፦ ከቤት ውጪ፣ ለሁለቱም አዲስ በሆነ ቦታ። ሁለት ሰዎች አንድ አንድ ይዛችሁ በትይዩ ተራመዱ፣ ርቀታችሁን ቀስ በቀስ አጥብቡ። ፊት ለፊት አታፋጧቸው፣ ገመዱንም አታክርሩት። ቤት ስትገቡ አሮጌው ይቅደም፤ ሳህንና አጥንት ከመሬት ይነሳ። ለመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አንተ በሌለህበት ሁለቱን ብቻቸውን አንድ ክፍል አትተዋቸው።