«ከሥልጠናው በኋላ መጠጥ ቀነሰ» ማለት ሥልጠናው ቀነሰው ማለት ነው?

ሰላም እህቴ። ጥያቄሽን ደጋግሜ አነበብኩት። አደገኛ የአልኮል አጠጣጥን በሚለየው ኦዲት (AUDIT) በተባለው መጠይቅ 8 ነጥብና ከዚያ በላይ ያመጡ የኮሌጅ ተማሪዎችን መርጠሽ ስለ አልኮል ሥልጠና ሰጠሽ። ከ3 ወር በኋላ በዚያው መጠይቅ ስትለኪያቸው ነጥባቸው ወረደ። ሁለት አማካዮችን የሚያነጻጽረው ቲ-ቴስትም ልዩነት አለ አለ። «ፕሮግራሙ ሠርቷል ብዬ ልጻፍ ወይ?» ነው ያልሽው። እንዲህ ያለ ዳታ ላይ ለዓመታት ስለሠራሁ በግልጽ ልንገርሽ፤ በያዝሽው ዳታ ብቻ አይቻልም።

ትልቁ ጣጣ ያለው አመራረጥሽ ላይ ነው። የያዝሻቸው በመጀመሪያው ልኬት ከፍ ብለው የተገኙትን ብቻ ነው። ከእነሱ መካከል ሁሌም የሚጠጡ አሉ። በዚያ ሰሞን ብቻ የበዛባቸው ወይም ያን ቀን አብዝተው የመለሱም አሉ። እነዚህኞቹ ምንም ባታደርጊላቸው በሁለተኛው ልኬት ወደ ለመዱት መጠን ይወርዳሉ። ወደ አማካይ መመለስ የሚባለው ይኼ ነው። በዚያ ላይ መጠየቁ ራሱ ሰውን ይነካል። ስንት ብርጭቆ እንደጠጣ ቁጭ ብሎ የቆጠረ ተማሪ ያለ ሥልጠናም ሊቀንስ ይችላል። በተመሳሳይ መስፈርት ተመርጦ፣ ተጠይቆ፣ ግን ሥልጠናውን ያልወሰደ ቡድን ያስፈልግሻል። ምደባው በዕጣ ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው።

መለኪያው ላይም ልቆይ፣ ብዙ ሰው ስለሚያልፈው። ኦዲት 10 ጥያቄ አለው፤ ነጥቡ ከ0 እስከ 40 ይሄዳል። አብዛኛው ጥያቄ ግን የሚለው «ባለፈው ዓመት» ነው። በ3ኛው ወር ስትጠይቂ ከዓመቱ 9 ወር ከሥልጠናው በፊት ያለፈ ነው! አብዝቶ የሚጠጣውን ለመለየት ግሩም መጠይቅ ነው፤ አጭር ጊዜ ውስጥ የመጣ ለውጥ ለማየት ግን አይመችም። ባለፉት 30 ቀናት ስንት ቀን እንደጠጡ ጠይቂ። ያኔ ዜሮ የሚመልሱ ይበዙብሻል፣ ጥቂቶች ደግሞ ሩቅ ይወጣሉ። ለዚህ ከቲ-ቴስት ይልቅ ኔጌቲቭ ባይኖሚያል (በጣም ለተራራቁ ቆጠራዎች የሚሆን ሞዴል) ወይም ዜሮ ለበዛበት ዳታ የተሠሩ ሞዴሎችን ሞክሪ።

አሞላሉንም እዪው። ተማሪዎች ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው ወረቀት ሲሞሉ አይቻለሁ። አንዱ 4 ብሎ ጻፈ፣ ጎኑ ያለውን ጓደኛውን ቀና ብሎ አየና በላጲስ አጥፍቶ 0 አደረገው። ስም አለመጻፉ ብቻውን አይበቃም፤ ለየብቻ ይሙሉ።

የጠፉብሽንም ቁጠሪ። ለሁለተኛው ልኬት የማይመለሱት ብዙ ጊዜ አብዝተው የሚጠጡት ናቸው። የቀሩትና የጠፉት በመጀመሪያው ልኬት ይመሳሰሉ እንደሆነ ሠንጠረዥ ሥሪ።

ዕጣውን በክፍል የምታወጪ ከሆነ የአንድ ክፍል ልጆች እርስ በርስ እንደሚመሳሰሉ አስቢ። በክፍል 50 ተማሪ ቢኖርና የመመሳሰላቸው መጠን (ከ0 እስከ 1 ሲለካ) 0.02 ብቻ ቢሆን፣ 1 ሲደመር 49 (ከ50 አንድ ሲቀነስ) ሲባዛ በ0.02፣ 1.98 ይመጣል። የተማሪውን ቁጥር በዚህ ታካፍዪዋለሽ። 1,000 ተማሪ ቢኖርሽ እንደ 505 ያህል ነው የሚቆጠረው።

ማነጻጸሪያ ያላቸው ጥናቶች እንኳ ይለያያሉ። አሜሪካ ውስጥ ዊሊያም ዴጆንግና ባልደረቦቹ «እኩዮቻችሁ የምታስቡትን ያህል አይጠጡም» የሚል ዘመቻ በ18 ኮሌጆች ፈትነው በ2006 እ.ኤ.አ. ጥሩ ውጤት አሳተሙ። በሌሎች 14 ኮሌጆች ሲደግሙት ግን ውጤቱ አልተገኘም፤ እሱንም በ2009 እ.ኤ.አ. አሳተሙት። ለዚህ በጣም አከብራቸዋለሁ። ተማሪ የሚጎዳበት ጉዳይ ላይ የማይሠራ ፕሮግራም እንደሚሠራ ከተቆጠረ፣ ጊዜውም ገንዘቡም የሚሠራውን አያገኝም።

አሁን «በተሳታፊዎች ላይ መቀነስ ታይቷል፤ መንስኤው ሥልጠናው ስለመሆኑ በዚህ ጥናት አይታወቅም» ብለሽ ጻፊ። ለሚቀጥለው ሴሚስተር ተመዝጋቢዎችን በዕጣ ለሁለት ክፈዪ። ግማሹ አሁን ይሠልጥን፣ ግማሹ ከ3ኛው ወር ልኬት በኋላ። ማንም ሳይቀርበት ማነጻጸሪያ ታገኛለሽ። የነጥቦቹን ሂስቶግራም (ስንት ተማሪ ስንት ነጥብ እንዳመጣ የሚያሳየውን ግራፍ) እዚህ ብትለጥፊው አብረን እናየዋለን።